የሚያስፈራው ጭራቁ ነው ወይስ ዋጋው?



በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን፥ በተለይም እዚያው ካደጉ ወጣቶች ቤት፥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የድሮ አስፈሪ ፊልሞችን ፖስተር መሰብሰብና ግድግዳ ላይ መስቀል ለአማኝ ይገባል ወይ? ጥያቄው አዲስ አበባ ለሚኖር አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዚህ ገበያ ዋነኛ አጫራች የሆነው ሄሪቴጅ ኦክሽንስ መቀመጫው ዳላስ ነው። ዳላስ ደግሞ በአማርኛ የሚሰበክባቸው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ያሉባት ከተማ ናት። ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም።

ለጥያቄው ሁለት መልሶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንደኛው ከመድረክ የሚሰማው ነው፦ «ፖስተሩ የርኩስ መንፈስ መግቢያ በር ነው፤ ዛሬውኑ ይቃጠል!» ሁለተኛው ከሰብሳቢዎቹ የሚሰማው ነው፦ «ወረቀት እኮ ነው፤ ጥበብ ነው፤ ታሪክ ነው፤ ደግሞም ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል።» እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። የመጀመሪያው መልስ መፈራት የሌለበትን ይፈራል። ሁለተኛው መልስ መፈራት ያለበትን አይፈራም። ወረቀቱ ላይ የተሳለው ጭራቅ ማንንም አይበላም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን ሰውን ሊበላ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ይህን ነው።

ወረቀቱ ከየት መጣ?

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። የማያውቁትን መኮነን ቀላል ነው፤ እውነትን ግን አያገለግልም።

በ1931 አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ በቶድ ብራውኒንግ የተዘጋጀውን «ድራኩላ»ን፥ ቀጥሎም በጄምስ ዌል የተዘጋጀውን «ፍራንከንስታይን»ን አወጣ። በ1932 ከዘመናት በኋላ ከመቃብር ስለሚነሣ አንድ የግብፅ ሬሳ የሚተርከው «ዘ መሚ» ተከተለ። ዛሬ ሰብሳቢዎች እጅግ የሚፈልጉት የእነዚህን ፊልሞች ማስታወቂያ ነው።

በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን በየቤቱ አልነበረም። መንገደኛውን ወደ ሲኒማ ቤት የሚጠራው በር ላይ የሚሰቀለው ፖስተር ነበር። መደበኛው ፖስተር ወርዱ 69፥ ቁመቱ 104 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በመግቢያው አዳራሽ የሚደረደሩት «ሎቢ ካርድ» የሚባሉት ትንንሽ ሥዕሎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ስምንት ሆነው ይታተሙ ነበር። ቀለሙ ደማቅ፥ ሥዕሉ ዓይን የሚይዝ ነው። ወረቀቱ ግን እንዲቆይ ታስቦ አልተሠራም። ፊልሙ ታይቶ ሲያበቃ ፖስተሩ ወይ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል፥ ወይ ሌላ ይለጠፍበታል፥ ወይ ይጣላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ተብሎ ሲሰበሰብ ብዙው በዚያው ጠፋ።

የተረፈው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ወደ ሰማይ ወጣ። በ1997 የ«ዘ መሚ» ፖስተር ሶዝቢስ በተባለው አጫራች በ453,500 ዶላር ተሸጠ። በ2014 የ1927ቱ «ለንደን ከእኩለ ሌሊት በኋላ» ፖስተር በ478,000 ዶላር ተሸጠ። በ2015 በአንድ በተዘጋ ሲኒማ ቤት የፕሮጀክተር ክፍል ውስጥ ተረስቶ የተገኘ የ«ፍራንከንስታይን» ፖስተር 358,500 ዶላር አወጣ። በ2017 ደግሞ የ«ድራኩላ» ፖስተር 525,800 ዶላር ደረሰ። በነጻ ሊጣል የነበረ ወረቀት ነው።

ስለ ማቃጠል የሚጠቀሰው ምዕራፍ

«ይቃጠል» የሚሉ ሰባኪዎች ዘወትር የሚጠቅሱት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን ነው። መልካም፤ እንግዲያው ምዕራፉን በሙሉ እንክፈተው። አንድ ቁጥር ቀንጥሶ ሌላውን መዝጋት አይፈቀድም።

በኤፌሶን ጥንቆላ ያደርጉ ከነበሩት ብዙዎች መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋው ሲታሰብ አምሳ ሺህ ብር ሆኖ ተገኘ (ሐዋ. 19፥19)። እዚህ ላይ ሦስት ነገር እናስተውል።

አንደኛ፥ ያቃጠሉት የራሳቸውን ነው። ሐዋርያው በየቤቱ እየዞረ ሳጥን እንዳስከፈተ አልተጻፈም። ቁጥር 18 እንደሚነግረን ያመኑት ራሳቸው ያደረጉትን እየተናዘዙ መጡ። እሳቱን ያስነሣው በውስጣቸው የሠራ ንስሐ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የምናየው ተቃራኒውን ነው፤ ሰባኪው የሌላ ሰው ዕቃ ያስቃጥላል፥ የራሱ ሳጥን ግን ተቆልፎ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፥ ያቃጠሉት ሲሠሩበት የኖሩትን የአስማት መጽሐፍ ነው፤ ይደግሙበት፥ መናፍስት ይጠሩበት ነበር። የ1931 ፖስተር ትኬት ለመሸጥ የተሠራ የንግድ ማስታወቂያ ነው። ሠዓሊው ማስታወቂያ ሣለ፤ ጠልሰም አልጻፈም። ጠልሰምን ከማስታወቂያ መለየት ያቃተው አስተማሪ፥ እውነተኛው ጠልሰም በምእመኑ ትራስ ሥር ሲገኝ ምን ብሎ ሊያስጠነቅቅ ነው? ሁሉን ነገር «መንፈስ አለበት» ማለት ውሎ አድሮ መንፈስን መለየት አለመቻል ነው።

ሦስተኛ፥ ዋጋው ተቆጠረ። አንዱ ብር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ያህል ነበር። አምሳ ሺህ የቀን ደመወዝ ማለት አንድ ሰው ሰንበት ሳይል በየቀኑ ቢሠራ ከ130 ዓመት በላይ የሚፈጅበት ገንዘብ ነው። ሉቃስ ይህን ሒሳብ ለምን ጻፈልን? መጽሐፎቹን ለጎረቤት ጠንቋይ መሸጥ ይቻል ነበርና። ገዢ ሞልቶ ነበር። እነርሱ ግን መክሰርን መረጡ። የኤፌሶን ተአምር እሳቱ አይደለም፤ እሳት ማንም ያነድዳል። ተአምሩ ገንዘብ በልባቸው ላይ የነበረውን ሥልጣን ማጣቱ ነው።

«ታዲያ ጳውሎስ ስለ አጋንንት ማኅበርተኝነት ያስጠነቅቅ የለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፥ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 አጥብቆ ያስጠነቅቃል። የሚናገረው ግን ስለ አምልኮ ማዕድ ነው፤ ሰው አውቆ ለጣዖት በተሠዋበት ገበታ ስለ መቀመጥ። ከዚያ በፊት በምዕራፍ 8፥4 ጣዖት በዓለም ላይ ከንቱ መሆኑን አስቀድሞ አስተምሯል። ሁለቱን ስናገናኝ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዕቃው በራሱ ኃይል የለውም፤ አደጋው ያለው ልባችን ለዕቃው በሚሰጠው ስፍራ ነው። በመስቀሉ አለቆችንና ሥልጣናትን የገፈፈ ጌታ (ቈላ. 2፥15) ለአንድ የሲኒማ ወረቀት በር አይለቅም።

ሰይጣንን የፈሩ ሰዎች በሳሌም

በ2017 በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በሳሌም ከተማ በሚገኘው የፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም፥ የሜታሊካው ጊታር ተጫዋች ኪርክ ሃሜት የሰበሰባቸው የአስፈሪ ፊልም ፖስተሮች ለሕዝብ ታዩ። ድራኩላ፥ የፍራንከንስታይን ፍጡር፥ የግብፁ ሬሳ፥ ሁሉም በግድግዳ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ማንም ሰው አልሞተም።

በዚያችው በሳሌም ግን በ1692 ሰዎች ሞተዋል። በጥንቆላ ተከስሰው 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ድንጋይ እየተከመረበት ተጨፍልቆ ሞተ። ከሳሾቹና ዳኞቹ ጣዖት አምላኪዎች አልነበሩም። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ፥ የሚጾሙ፥ የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ። በችሎቱ ፊት «የእርስዋ መንፈስ በሌሊት መጥታ አሠቃየችኝ» የሚል ቃል እንደ ማስረጃ ይቀበሉ ነበር። የተከሰሰችው ሴት ያን ሌሊት አልጋዋ ላይ ተኝታ ብታድርም አይጠቅማትም፤ መንፈሷ ታይታለችና። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው ሳሙኤል ሲዋል በ1697 በጉባኤ መካከል ቆሞ፥ ጥፋቱን የሚናዘዝበት ጽሑፍ በሁሉ ፊት ተነበበለት። የተሰቀሉት ግን አልተመለሱም።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ይመስላችኋልን? በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራው ወገናችን «ቡዳ» እየተባለ፥ ሰው ማዕዱን እየሸሸው፥ ልጁን እየነፈገው ስንት ዘመን ኖረ? ዛሬስ «ያስያዘችሽ አክስትሽ ናት፤ በራእይ አየኋት» የሚል ነቢይ የለምን? እናት ከእኅቷ፥ ልጅ ከአያቱ በአንድ «ራእይ» ተለያይተው በዓመት በዓል እንኳ ሳይጠያየቁ የሚኖሩ ቤተሰቦችን የማያውቅ አገልጋይ ማን ነው? የፊልም ፖስተር እንዲቃጠል የሚጮኸው ድምፅና «አክስትሽ ናት» የሚለው ድምፅ ከአንድ ጉሮሮ ነው የሚወጡት። ሁለቱም ምእመኑን የሚያስተምሩት ክርስቶስን ማወቅን አይደለም፤ ጥግ ጥጉን እያዩ መፍራትን ነው። እግዚአብሔር ደግሞ የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንም (2ጢሞ. 1፥7)።

«ወረቀት እኮ ነው» ለሚሉን

ይህን ያነበቡ ሰብሳቢ ወንድሞቻችን «እሰይ፥ ፓስተሮቹ ፈቀዱልን» እንዳይሉ። አሁን ወደ እናንተ መጣን።

«ወረቀት ነው» ትላላችሁ። ወረቀት ከሆነ 525,800 ዶላር ለምን ተከፈለበት? ለሚወዱት ነገር መልኩን ለማየት ብቻ ከሆነ፥ የዚያው ፖስተር ጥሩ ቅጂ በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ ግድግዳውም ያምራል። ልዩነቱ ያለው ዓይን ላይ አይደለም። ልዩነቱ «ሌላ ሰው የለውም፤ እኔ ግን አለኝ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጌታ ስለ መጎምጀት ያስጠነቀቀን ለዚህ ነው፤ የሰው ሕይወት በገንዘቡ ብዛት አይደለምና (ሉቃ. 12፥15)። ጳውሎስም መጎምጀትን የሚጠራው በሌላ ስም ነው፤ ጣዖት ማምለክ ይለዋል (ቈላ. 3፥5)። ጣዖቱን በፖስተሩ ላይ ስንፈልግ የኖርነው በከንቱ ነው። ጣዖቱ ከጨረታው ደረሰኝ ጋር ነው የሚመጣው።

በፖስተሩ ላይ ፊቱ የሚታየውን ሰው እናስበው። ድራኩላን ሆኖ የተጫወተው የሃንጋሪ ተወላጁ ቤላ ሉጎሲ ነው። ለፊልሙ በሳምንት 500 ዶላር፥ በሰባት ሳምንት 3,500 ዶላር እንደተከፈለው ይነገራል። በ2017 ለወረቀቱ የተከፈለው ገንዘብ የዚህ 150 እጥፍ ነው። የገንዘብ ዋጋ በ86 ዓመት ውስጥ እንደወረደ እናውቃለን፤ ያም ታስቦ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሉጎሲ በ1932 ዕዳውን መክፈል አቅቶት መክሰሩን በፍርድ ቤት አስታወቀ። ለሕመሙ የጀመረው ማደንዘዣ ሱስ ሆኖበት በ1955 ራሱ ጠይቆ ሆስፒታል ገባ። በ1956 ሞተ፤ የድራኩላን ካባ ለብሶም ተቀበረ። ወራሾቹ መልኩ በሸቀጥ ላይ እየታተመ መሸጡን በመቃወም ኩባንያውን ከሰሱ፤ በ1979 በካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረቱ። የ«ዘ መሚ»ን ፖስተር የሣለው ካሮሊ ግሮስ ደግሞ ሥራው በብዙ መቶ ሺህ ዶላር ሲሸጥ፥ የራሱ የሕይወት ታሪክ እምብዛም አይታወቅም።

ወዳጆች ሆይ፥ ደም መጣጩ ማን ነው? በወረቀቱ ላይ ጥርሱን ያወጣው ወይስ ከሰውየው ይልቅ የሰውየውን ሥዕል የሚያከብረው ገበያ? ይህን ስንል እያንዳንዱን ገዢ ሉጎሲን በድሏል ማለታችን አይደለም፤ አብዛኞቹ ሲሞት ገና አልተወለዱም። የምንለው፥ ሕያው ሰው በዕዳ ሲጨነቅ ዝም ያለ ዓለም ለወረቀቱ እጁን እንደሚያነሣ ነው። ይህ ልብ በሲኒማ ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በደጁ የተኛውን አልዓዛርን ያላየው ሰው ምናልባት ግድግዳው ላይ ምን እንደተሰቀለ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ሌላም አለ። ገንዘብ ባለበት ሐሰት አይጠፋም። የእነዚሁ የዩኒቨርሳል ፊልሞች ሎቢ ካርዶችና ፖስተሮች አስመስለው ተሠርተው እንደ እውነተኛ ሲሸጡ ቆይተው፥ ነገሩ ሲገለጥ ሻጩ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ታስሯል። ያን ወረቀት የገዙ ሰዎች በልምዳቸው የታመኑ ሰብሳቢዎች ነበሩ። ዓይናቸው እያየ ተታለሉ። አንዱን ነገር እጅግ መፈለግ ዓይንን ያሳውራል።

«ዋጋው ይጨምራል» የሚለውም ቢሆን ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም። በ2018 የ«ዘ መሚ» አንድ ፖስተር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል ተብሎ ለጨረታ ቀረበ፤ ገዢ ሳያገኝ ተመለሰ። ወረቀት ደግሞ ያው ወረቀት ነው። ብርሃን ያደበዝዘዋል፥ እርጥበት ያሻግተዋል፥ ብል ይበላዋል። ባለሙያ ከጀርባው ጨርቅ ለጥፎ፥ በልዩ መስታወት ሸፍኖ፥ የክፍሉን አየር ለክቶ ዕድሜውን ያራዝምለታል እንጂ ሞቱን አያስቀርለትም። ጌታ ብልና ዝገት በሚያጠፉት ስፍራ መዝገብ አትሰብስቡ ሲል (ማቴ. 6፥19-21) ምሳሌ ብቻ መስሎን ከሆነ፥ እዚህ ላይ ቃል በቃል ሆኖ እናገኘዋለን።

ድሜጥሮስ የት ቆሞ ነበር?

ወደ ሐዋርያት ሥራ 19 እንመለስ፤ ምዕራፉ ገና አላለቀም። መጽሐፎቹ ከተቃጠሉ በኋላ ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ ይነሣል። የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል በብር እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነው። የእጅ ባለሙያዎቹን ሰብስቦ ሲናገር አስቀድሞ ያነሣው ስለ አምላኪቱ ክብር አልነበረም፤ ስለ ትርፋቸው ነበር (19፥25)። አርጤምስ ኋላ መጣች። ከተማው በሙሉ ለሁለት ሰዓት ያህል ስለ አርጤምስ ጮኸ፤ ከጩኸቱ በታች ግን የነበረው ኪስ ነው።

ሉቃስ እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን ያቆማቸው በከንቱ አይደለም። በአንድ በኩል አምሳ ሺህ ብር ሲቃጠል እያዩ ደስ ያላቸው አሉ። በሌላው በኩል ትርፋቸው ሲነካ ከተማ ያወኩ አሉ። እንግዲህ ለሰብሳቢው ብቻ ሳይሆን ለሰባኪውም ጥያቄ አለን፦ ከሁለቱ ከየትኛው ወገን ነን?

በዚሁ ምዕራፍ በቁጥር 12 ከጳውሎስ ገላ የተወሰደ ጨርቅ በሽተኞችን እንደፈወሰ ይነበባል። ዛሬ ይህን ቁጥር ይዘው «የተቀባ» ጨርቅ፥ ዘይት፥ ውኃ፥ በመኪና መስታወት የሚለጠፍ የነቢይ ፎቶ የሚሸጡ አሉ። ጳውሎስ ግን አንዱንም ጨርቅ አልሸጠም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ምዕራፍ ብርና ወርቅ ከማንም እንዳልተመኘ ለኤፌሶን ሽማግሌዎች በግልጽ ይናገራል (20፥33)። ቀጥሎ ደግሞ የአስቄዋ ልጆች አሉ፤ የኢየሱስን ስም እንደ ድግምት ሊጠቀሙበት የሞከሩ። መጨረሻቸው ራቁታቸውን ቆስለው መሸሽ ሆነ።

እንግዲህ ንገሩን፦ በፖስተር ውስጥ ጋኔን አለ ብሎ የሚያስቃጥለው ሰውና በጨርቅ ውስጥ ቅባት አለ ብሎ የሚሸጠው ሰው እምነታቸው በምን ይለያል? ሁለቱም ዕቃ በራሱ ኃይል እንዳለው ያስተምራሉ። አንዱ በዕቃ ያስፈራራል፥ ሌላው በዕቃ ይነግዳል፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ሰው ራሱ ጠዋት ያስፈራራል፥ ከሰዓት በኋላ ይነግዳል። ለወረቀት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር በከፈለው አሜሪካዊ ከመሳቃችን በፊት፥ ደመወዟን ለአንድ ብልቃጥ ዘይት የሰጠችውን እኅታችንን እናስባት። ሰብሳቢው ቢያንስ ወረቀት እንደገዛ ያውቃል።

ፍትሐዊ እንሁን

ሰብሳቢዎቹ አንድ የሚደመጥ ክርክር አላቸው። «እኛ ባንጠብቀው ታሪኩ ይጠፋል» ይላሉ። እውነት ነው። ሎን ቼኒ የተጫወተበት «ለንደን ከእኩለ ሌሊት በኋላ» የተባለው ፊልም ዛሬ የለም፤ የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ በ1960ዎቹ በተነሣ እሳት እንደጠፋ ይታመናል። የቀረው ፎቶግራፍና ፖስተር ነው። ያለፈውን ዘመን የእጅ ሥራ በትዕግሥት መጠበቅ ኃጢአት አይደለም። ጥበብን ለባስልኤል የሰጠው እግዚአብሔር ነው (ዘጸ. 31፥1-5)፤ ጥሩ የተሣለ መስመርንና በልኩ የተዋሐደ ቀለምን ማድነቅም ከእርሱ አያርቅም። እነዚህ ፊልሞች ሰው ስለ ሞት፥ ስለ መቃብር፥ ስለ ፈጣሪነት ያለውን ፍርሃት የሚያሳዩ ምስክሮች ናቸው። የፍራንከንስታይን ፍጡር የሚያሳዝነው አስቀያሚ ስለሆነ አይደለም፤ የሠራው ሰው ደንግጦ ስለተወው ነው። እኛ ደግሞ የወደቀውን ፍጥረቱን «ወዴት ነህ?» እያለ የፈለገ ፈጣሪ አለን። ድራኩላ የሌሎችን ደም እየጠጣ ይኖራል፤ ጌታችን የራሱን ደም አፍስሶ እኛን አኖረን። ይህን ለልጁ ማስረዳት የሚችል አባት ከፖስተሩ የሚሸሽበት ምክንያት የለውም።

ነገር ግን ሁሉ ቢፈቀድም ሁሉ አያንጽም። በቤቱ ውስጥ ሌሊት የሚባንን ሕፃን ካለ፥ ከጥንቆላ ቤት ወጥቶ ገና ጌታን ያወቀ እንግዳ ከመጣ፥ የአባትየው መብት ከልጁ እንቅልፍ አይበልጥም። ጳውሎስ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ እንኳ ለዘላለም ላለመብላት ዝግጁ ነበር (1ቆሮ. 8፥13)። ለወንድም ሲባል አንድ ፖስተር ከግድግዳ ማውረድ ከዚያ ያነሰ ዋጋ ነው።

ለሰብሳቢው አራት ጥያቄዎች

ስለዚህ «ሰብስቡ» ወይም «አቃጥሉ» የሚል ሕግ አናወጣም። በጌታ ፊት ሆናችሁ ራሳችሁን የምትጠይቁትን ግን እንሰጣችኋለን።

የመጀመሪያው፦ ዋጋውን ባለቤትህ ታውቀዋለች? ከትዳር ጓደኛ የተደበቀ ደረሰኝ ካለ፥ መንፈሱን ፖስተሩ ውስጥ አትፈልገው፤ በኪስህ ነው።

ሁለተኛው፦ አገር ቤት ያለች እናትህ ለመድኃኒት ስትደውል የሚቀድመው የቱ ነው? የጨረታው ቀን ነው ወይስ የእርስዋ ቀን? ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን ክዷል የሚለው ቃል (1ጢሞ. 5፥8) ለሰብሳቢም ተጽፏል።

ሦስተኛው፦ ነገ ቢቃጠል ምን ትሆናለህ? ማዘን ሰውኛ ነው። ጸሎትህ፥ እንቅልፍህ፥ ሰላምህ አብሮ የሚቃጠል ከሆነ ግን ፖስተሩ ግድግዳ ላይ አይደለም የተሰቀለው።

አራተኛው፦ ለሌላ ታሳየዋለህ ወይስ ትደብቀዋለህ? ለሙዚየም፥ ለተማሪ፥ ለእንግዳ የሚከፈት ስብስብ የታሪክ አደራ ነው። በጨለማ ሣጥን ተቆልፎ ዋጋው እስኪጨምር የሚጠበቅ ግን ያው በመሬት የተቀበረ መክሊት ነው።

ለሰባኪ ወንድሞቻችን ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አለን፦ ባለፈው ዓመት ከመድረካችሁ ስንት ጊዜ ስለ ሥዕልና ዕቃ አስጠነቀቃችሁ፥ ስንት ጊዜስ ስለ ገንዘብ ፍቅር? ጌታችን ከእግዚአብሔር ጋር ተፎካካሪ ጌታ አድርጎ በስም የጠራው ገንዘብን ነው (ማቴ. 6፥24)። ስለዚህ መንጋውን ከእርሱ መጠበቅ የእረኛ ሥራ ነው።

የድሮው ፊልም ጭራቅ በብርሃን ይጠፋል፤ ሲኒማ ቤቱ መብራት ሲያበራ ሰው ስቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የገንዘብ ፍቅር ግን መብራት ሲበራም አይሄድም። በቀን ከእኛ ጋር ይሠራል፥ ማታ ከእኛ ጋር ሒሳብ ይቆጥራል፥ እሑድ ከእኛ ጋር ይዘምራል። ከዚህ ጌታ የሚያድን ጌታ አንድ ብቻ ነው፤ ባለጠጋ ሲሆን ስለ እኛ ድሃ የሆነ (2ቆሮ. 8፥9)። በእርሱ የረካ ሰው ፖስተር ቢኖረውም አይነግሥበትም፤ ባይኖረውም አይጎድልበትም።

ጌታ ልባችንን ከመጎምጀት፥ ጉባኤያችንን ከከንቱ ፍርሃት ይጠብቅ። አሜን።